አባት ሞቶ አንዱ ወንድም የወራሽነት ማስረጃውን ለብቻው ሲያወጣ ምን ይደረጋል? (ጅማ)

የሄርማታ ልጅ (ጠያቂ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ሕግ የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር መልሱልኝ።

አባታችን ከሞተ ዓመት አልፎታል። ሄርማታ ውስጥ በእሱ ስም ካርታ የወጣለት ቤት አለ፤ ከእናታችን ጋር በትዳር ሳሉ የሠሩት ነው። ማና ወረዳ የቡና መሬት አለ፣ ባንክም ገንዘብ አለ። ልጆቹ አምስት ነን፦ ሦስት ወንድ፣ ሁለት ሴት። አንደኛው ወንድማችን አባታችን ቀድሞ አግብቶ ከፈታት ሚስቱ የተወለደ ነው። እህቴ ከአባታችን በፊት ሞታ ሁለት ትንንሽ ልጆች ትታለች። እናታችን በሕይወት አለች፣ የምትኖረውም እዚያው ቤት ነው።

ታላቅ ወንድማችን እኛ ሳናውቅ ፍርድ ቤት ሄዶ ወራሾቹ እሱና ታናሹ ብቻ እንደሆኑ የሚገልጽ ማስረጃ አውጥቷል። አሁን ደላላ እያመጣ ቤቱን ያሳያል። ስንጠይቀው በኮምፒውተር የተጻፈ፣ የአባታችን የጣት አሻራና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ያለበት «ኑዛዜ» ያሳየናል። ሽማግሌ ገብቶ አልሆነም። «እምቢ ካላችሁ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንገናኝ» ብሏል። ከየት ነው የምንጀምረው?

---

መዝገብ ቤት

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ድርሻ ስንት ይደርሰናል የሚለውን ለጊዜው ተዉት። ደላላ ቤት እያየ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ ንብረቱ ከእጅ እንዳይወጣ ማሳገድ ነው። ቤቱ ተሸጦ ስሙ ከዞረ በኋላ ገዢውን ጭምር መክሰስ ይመጣል፤ የዓመታት ክርክር ነው።

የዕግድ ጥያቄ የሚቀርበው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ዕግድ ብቻውን አይቆምም። ዋና ክስ ወይም አቤቱታ መኖር አለበት፣ ዕግዱ ከእሱ ጋር ይያያዛል። በእናንተ ጉዳይ ዋናው አቤቱታ «ለወንድማችን የተሰጠው የወራሽነት ማስረጃ ይሰረዝልን» የሚለው ይሆናል። ዕግዱን በዚያው ቀን በቃለ መሐላ ደግፋችሁ አቅርቡ። ቃለ መሐላው ላይ «ሊሸጥ ነው ብለን እንሰጋለን» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ደላላ መቼ መጣ፣ ማን አየ፣ ስንት ዋጋ ተጠራ የሚለው ይጻፍ፤ ዳኛው አደጋው ቅርብ መሆኑን የሚያየው ከዚያ ነው።

ቤቱ «ሄርማታ የሚገኘው ቤት» ተብሎ ብቻ ከታዘዘ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ የትኛው ፋይል ላይ እንደሚያስገባው አያውቅም። የካርታ ቁጥር፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ በማን ስም እንደተመዘገበ ሁሉም ይግባ። ካርታው ወንድማችሁ እጅ ከሆነ የቆዩ የግብር ደረሰኞችን ፈልጉ፤ መለያው እነሱ ላይ ይገኛል።

ሌላው ደግሞ ትእዛዙ ከወጣ በኋላ መዝገብ ውስጥ ተኝቶ መቅረቱ ነው። ደብዳቤው ሲወጣ ራሳችሁ ተከታትላችሁ ለከተማው መሬት ጽሕፈት ቤትና ለባንኩ መድረሱን አረጋግጡ፤ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን በቅጂያችሁ ላይ አስመቱ። ዕግድ ወጥቶ ስም የሚዞረው በአብዛኛው ደብዳቤው ሳይደርስ ቀርቶ ነው።

አቤቱታው በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል፤ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ እሱ ነው። በአማርኛ ያሉ ሰነዶች ካሏችሁ ትርጉማቸው አብሮ ይያያዝ። የሞት የምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ አውጡ። ልጅነታችሁን የሚያሳይ የልደት ካርድ ከሌለ የቀበሌ ደብዳቤና አባታችሁን የሚያውቁ ምስክሮች ያስፈልጋሉ።

---

ጠበቃ ከጅረን

መዝገብ ቤት ያለው ትክክል ነው፤ ዕግዱ ይቅደም። እኔ ስለ ማስረጃው፣ ስለ ኑዛዜውና ስለ ድርሻው ልጻፍ።

ማስረጃው። የወራሽነት ምስክር ወረቀት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 መሠረት የሚሰጥ ነው። ባለቤት አያደርግም። «ይህ ሰው ወራሽ ነው» የሚል ግምት ብቻ ይፈጥራል፣ ግምቱም በማስረጃ ይፈርሳል። ቁጥር 998 መሰረዝን ይፈቅዳል። አቤቱታው የሚቀርበው ማስረጃውን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው፤ የመዝገቡን ቁጥር ካላወቃችሁ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። ከመዝገቡ ውስጥ ወንድማችሁ ያቀረባቸውን ምስክሮች ቃልና ማመልከቻውን ገልብጣችሁ አውጡ። «ሌላ ወራሽ የለም» ብለው መስክረው ከሆነ ያ ቃል ራሱ የእናንተ ማስረጃ ይሆናል። በሐሰት መመስከር ወንጀል መሆኑም ይታወቅ። ብዙ ጊዜ ምስክሮቹ ይህን ሲረዱ ወንድምየው ወደ ድርድር ይመጣል፤ ወንጀሉን ግን ማስፈራሪያ አድርጋችሁ አትጠቀሙበት፣ ነገሩን ያባብሰዋል።

ኑዛዜው። ሕጉ የሚያውቃቸው ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎች ናቸው፤ ወንድማችሁ የያዘውን ወረቀት ከሦስቱም ጋር አስተያዩት።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ (ቁጥር 881) ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት መነበብ አለበት። የመነበቡ ነገር በጽሑፉ ውስጥ መገለጽ አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው መፈረም አለባቸው። ሁለት ምስክር የሚበቃው ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ኑዛዜ ለመቀበል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከሆነ ነው (ቁጥር 882)። እናንተ ጋ ያለው ሁለት ተራ ምስክር ነው፣ አይሞላም። «ተነቦላቸው» የሚለው ቃል ጎድሎ ብቻ የፈረሰ ኑዛዜ ብዙ ነው።

በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረግ ኑዛዜ (ቁጥር 884) ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን መግለጽ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። በመኪና ወይም በኮምፒውተር የተጻፈ ከሆነ በየገጹ ተናዛዡ ራሱ በእጁ ጽፎ ይህንኑ ማመልከት ነበረበት። አባታችሁ በጣት አሻራ ከፈረሙ በእጃቸው ጻፉ ማለት አይቻልም።

የቃል ኑዛዜ የሚፈቀደው ሞት መቃረቡን የተረዳ ሰው ለሁለት ምስክሮች ሲናገር ነው። የሚሸፍነውም የቀብር ሥርዓትን፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት መሰየምንና ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ብቻ ነው። ቤት አያስተላልፍም።

ስለዚህ ወረቀቱ በፎርሙ ብቻ ይወድቃል። «አሻራው የአባታችን አይደለም» በሚለው ክርክር አትጀምሩ፤ የፎረንሲክ ምርመራ ጊዜ ይበላል። ፎርሙን አስቀድሙ፣ አሻራውን በአማራጭ አንሱ። ጊዜውንም ጠብቁ። ኑዛዜው በውርስ አጣሪ (የውርሱን ሀብትና ዕዳ በሚያጣራ ሰው) ፊት ከተነበበና ልትቃወሙት ካሰባችሁ ቁጥር 973 የሚሰጣችሁ 15 ቀን ነው። በቃል «አልቀበልም» ብሎ መውጣት አይቆጠርም፣ ጽፋችሁ አስገቡ።

ኑዛዜው ጸና ቢባል እንኳ ስማችሁ ስላልተጠቀሰ ብቻ ከውርስ አትነቀሉም። ልጅን የሚነቅል ኑዛዜ ምክንያቱን በግልጽ መናገር አለበት (938)። ለልጆች የተደረገ ክፍፍል ሆኖ አንዱን ከድርሻው ከሩብ በላይ የሚጎዳ ከሆነም በቁጥር 1123 መቃወም ይቻላል።

ድርሻው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቤቱን በሙሉ ለአምስት ያካፍሉታል። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተሠራ ስለሆነ፣ ካርታው በአባት ስም ብቻ ቢሆንም፣ የጋራ ንብረት ነው ተብሎ ይገመታል። የእናታችሁ ግማሽ ከውርሱ ውጭ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሚስት ከልጆች ጋር ወራሽ ሆና አትገባም፤ እሷን የሚያስጠብቃት የጋራ ንብረት ድርሻዋ ነው። ስለዚህ እናታችሁ ለብቻዋ የጋራ ንብረት ድርሻዋ እንዲለይላት በክርክሩ ትግባ።

በቁጥር ላሳይ። ቤቱ 4,000,000 ብር ቢገመት፣ 2,000,000 የእናት ነው። ከአባት ግማሽ ላይ የቀብር ወጪና የግል ዕዳ ተደምሮ 350,000 ቢሆን 1,650,000 ይቀራል። ይህ ለአምስት ልጆች እኩል ሲከፈል ለእያንዳንዱ 330,000 ነው። ወንድ ሴት፣ ከየትኛዋም እናት ይወለድ፣ ልዩነት የለም። የሞተችው እህታችሁ ልጆች በእናታቸው ቦታ ገብተው (842) 330,000ውን ይካፈላሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 165,000። ከፈታት ሚስት የተወለደው ወንድማችሁም ሙሉ ድርሻ አለው። እሱን ትታችሁ ብትካፈሉ ነገ ያፈርሰዋል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጥሩት።

---

አባ ፊጣ መንገድ

ጠበቃው ያላነሳው አንድ ነገር አለ፤ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ። ከሦስት ዓመት በኋላ አልቋል ይባላል። አትዘግዩ።

---

ጠበቃ ከጅረን

ልክ ነህ፣ ግን ይለይ። ቁጥር 1000 የሚለው ያለ መብቱ የውርስ ንብረት የያዘን ሰው «ወራሹ እኔ ነኝ፣ መልስ» ብሎ የሚከስ ሰው፣ መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቀበት ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ ይክሰስ ነው። የመጨረሻው ገደብ 15 ዓመት ነው፤ ለቤተሰብ ርስት ግን የተለየ ነገር አለው። በወራሽነታቸው በማይካዱ የጋራ ወራሾች መካከል የሚቀርብ የክፍፍል ጥያቄ ሌላ ነው፤ በቁጥር 1062 በማንኛውም ጊዜ ይጠየቃል። ችግሩ እዚህ ጉዳይ ላይ ወንድምየው ወራሽነታችሁን ራሱ እየካደ ነው። ስለዚህ «የጋራ ወራሽ ነን፣ ጊዜ አለን» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ሦስት ዓመቱን እንደ ገደብ ያዙት።

---

ቃዲ ሠፈር

ስለ ሸሪዓው ጥያቄ ልመልስ። ይህ ለብዙ የጅማ ቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ በጥንቃቄ እናየው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው በተከራካሪዎች ፈቃድ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንድማችሁ ብቻውን ስለፈለገ አይሆንም፤ ያንቺም የእናትሽም ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ግን በዝምታም ይመጣል። በፌዴራሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188/1992 መጥሪያ በትክክል ደርሶት ያልቀረበ ሰው ሥልጣኑን እንደተቀበለ ይቆጠራል፣ ክርክሩም በሌለበት ይታያል። በክልሉ ሸሪዓ ፍርድ ቤትም ቢሆን መጥሪያ ከመጣ «አልፈልግም» ብሎ ቤት መቀመጥን አትምረጡ። በቀጠሮው ቀን ቅረቡና «በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልተስማማሁም» ብላችሁ በጽሑፍ አስመዝግቡ፣ ቅጂ ያዙ። አንዴ ፈቅዳችሁ ከገባችሁ በኋላ ውጤቱ አልጣመኝም ብሎ ወደ መደበኛው መመለስ አይቻልም።

መምረጥ ያለባችሁ ውጤቱን አውቃችሁ ነው። የጠበቃውን 1,650,000 ብር በሸሪዓ ብናካፍል፣ ልጆች ስላሉ ሚስት አንድ ስምንተኛ ታገኛለች፦ 206,250። የቀረው 1,443,750 ለሦስት ወንድና ለአንድ ሴት፣ ወንድ የሴትን እጥፍ እየወሰደ፣ ሰባት ቦታ ይከፈላል። ለአንቺ 206,250፣ ለእያንዳንዱ ወንድም 412,500። ከአባቷ በፊት የሞተችው እህትሽ ልጆች ወንዶች ልጆች ስላሉ በውርስ አይገቡም። የጋራ ንብረት ጥያቄው ደግሞ ለብቻው መነሳት ያለበት ነው፤ እናትሽ ግማሿ አስቀድሞ ካልተለየላት ትጎዳለች።

ሃይማኖቱን አክብሮ ለመካፈል የፈለገ ሰው መብቱ ነው። ያለ ዕውቀት ወይም በግፊት ፈርሞ መግባት ግን ከሃይማኖቱም አይገጥምም። በነገራችን ላይ በሸሪዓም ቢሆን ያ ወረቀት ወንድማችሁን አይጠቅመውም፤ ለወራሽ የሚደረግ ኑዛዜ የሌሎቹን ወራሾች ፈቃድ ይፈልጋል፣ ለሌላ ሰውም ቢሆን ከሲሶ አያልፍም። ይህን ለሽማግሌዎቹ ንገሯቸው፣ ሳያውቁት ሊሆን ይችላል።

---

ጀንፈል

ስለ ማናው መሬት ማንም አልጻፈም። ከቤቱ ጋር በአንድ ዓይን አትዩት።

የገጠር መሬት የግል ንብረት አይደለም፣ የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ነው። ስለዚህ በፍትሐ ብሔሩ ውርስ ሕግ ብቻ «ለአምስት እኩል» ተብሎ አይከፈልም። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ አሁን 1324/2016 ነው፣ ከሱ በፊት 456/1997 ነበር። የክልሉ ሕግም አለ። አጠቃላይ አካሄዱ ከባለይዞታው ጋር አብሮ ለኖረና መተዳደሪያው መሬቱ ለሆነ ወራሽ ያደላል፣ መሬቱም እንዳይበጣጠስ ይጠነቀቃል። ከተማ ደሞዝ የሚበላ ልጅ ከመሬቱ ላይ የመጠቀም መብት ሊያጣ ይችላል። የእናታችሁ ስም በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ካለ ግን የራሷ መብት ነው፣ ከአባት ሞት ጋር አይጠፋም። ደብተሩን መጀመሪያ እዩ፤ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ካለው መዝገብ ጋርም አስተያዩ፣ አንዳንዴ አይገጥሙም።

ቡናው ግን ከመሬቱ ይለያል። እግሩ በላዩ ላይ የተተከለ ሀብት ነው፣ ግምት አለው። አባታችሁ ከሞቱ በኋላ የተለቀመው ምርትም የውርሱ ሀብት ነው፤ የለቀመው ወንድም ወጪውን (ኩትኳቶ፣ ለቀማ፣ ማጓጓዣ) ቀንሶ ሂሳብ ማቅረብ አለበት። ጅማ አካባቢ ዋናው ለቀማ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ለቀማ ሳይገባ ፍርድ ቤት ውርስ አጣሪ እንዲሾም፣ ወይም ምርቱ በሚታወቅ እጅ እንዲሰበሰብ ጠይቁ። እሸት ቡና ለመፈልፈያ ከተሸጠ ደረሰኝ ይኖራል፣ እሱን አስቀርቡ። ጀንፈል አድርቆ ቤት ያከማቸ ከሆነ ማረጋገጫው ይከብዳል፤ ስለዚህ የሚደርቅበትን ቦታና ብዛት የሚያውቁ ጎረቤቶችን በምስክርነት ቁጠሩ። «በኪሎ ስንት ነበር» የሚለው ክርክር ላይ ብዙ ሰው የሚሸነፈው ምንም የተጻፈ ነገር ሳይዝ ስለሚመጣ ነው።

---

የሄርማታ ልጅ

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሁለት ነገር ልጨምር። ታናሹ ወንድሜ አሁን ተጸጽቶ «በሽምግልና እንጨርስ» እያለ ነው። ከተስማማን ፍርድ ቤት መሄድ ይቀርልናል? የእህቴን ልጆች ነገርስ ማን ይፈርምላቸዋል? አባታቸው በሕይወት አለ።

---

ጠበቃ ከጅረን

ሽምግልናው ይቀጥል፣ ክሱን ግን አታንሱ። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። መዝገቡ ተከፍቶ ዕግዱ ጸንቶ እያለ የምትስማሙት ስምምነት ጉልበት አለው፤ ፍርድ ቤቱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 274 እና ተከታዮቹ መሠረት መዝግቦ ያጸድቅላችኋል፣ ያኔ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ቤት ውስጥ በደብተር ላይ ተጽፎ ሽማግሌ የፈረመበት ወረቀት መሬት ጽሕፈት ቤት ሲደርስ ብዙ ጊዜ ስም አያዞርም።

ለልጆቹ አባታቸው እንደ ሞግዚት ይቀርባል፤ ነገር ግን የልጆቹን ድርሻ የሚነካ ክፍፍልም ሆነ ሽያጭ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይፈልጋል። በክልሉ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው። ፈቃዱ ካልተገኘ ልጆቹ አድገው ስምምነቱን ማፍረስ ይችላሉ፣ ገዢም ይህን ሲሰማ ይሸሻል። የልጆቹ ገንዘብ በስማቸው በተከፈተ ሂሳብ እንዲገባ በስምምነቱ ውስጥ ጻፉት።

ስምምነቱ ውስጥ ሳይገባ የሚቀረውና በኋላ የሚያጣላው ዕዳ ነው። ሕጉ የመክፈያ ቅደም ተከተል አለው (1014)፦ የቀብር ወጪ፣ የማጣሪያ ወጪ፣ የሟች ዕዳ፣ የቀለብ ዕዳ፣ በመጨረሻ ኑዛዜ። ማን ምን እንደከፈለ ደረሰኙ ተቆጥሮ ይጻፍ። አባታችሁ በሕይወት ሳሉ ለአንዱ ልጅ የሰጡት ትልቅ ነገር ካለም (መኪና፣ የንግድ መነሻ) አንሱት፤ ተደምሮ ሊታሰብ ይገባ ይሆናል።

ቤቱን በተመለከተ፣ ጠባብ ቦታ ከሆነ ለስድስት ሰው አይሸነሸንም። አንዱ ለሌሎቹ ድርሻቸውን ከፍሎ ያስቀረው፣ ወይም ይሸጥ። ለገዢው ወንድም የተሻለው በገለልተኛ ግምት ዋጋ ማስተመንና የክፍያ ቀን ከነቅጣቱ መቁረጥ ነው። «ሲመቸኝ እከፍላለሁ» የሚል ቃል ፈርማችሁ ካርታ አትስጡ፤ ስሙ የሚዞረው የመጨረሻው ክፍያ ባንክ ሲገባ ነው። እናታችሁ ቤቱ ውስጥ የምትኖር ስለሆነ እስከ ዕድሜዋ የመኖር መብቷ በግልጽ ይጻፍላት። ይህንን በቃል ትተው ገዢ መጥቶ ያስወጣቸው እናቶች አሉ፣ አታድርጉት።

የጠበቃ አቅም ከሌላችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለው፣ አቤቱታ ይጽፍላችኋል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው ደግሞ በድሀ ደንብ ለመክሰስ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 ማመልከት ይችላል፤ የገቢ ሁኔታውን የሚያሳይ የቀበሌ ማስረጃ ያያይዛል።

---

መዝገብ ቤት

ለመጀመሪያ ቀን የምትይዙትን ልንገራችሁ፦ የአባታችሁን የሞት የምስክር ወረቀት፣ የአምስታችሁን የልጅነት ማስረጃ፣ የእህትሽን የሞት የምስክር ወረቀትና የልጆቿን የልደት ካርድ፣ የእናትሽን የጋብቻ ማስረጃ ወይም በጋብቻ መኖራቸውን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች ስም ከነአድራሻ፣ የቤቱን ግብር ደረሰኝ፣ የወንድማችሁን የወራሽነት ማስረጃ የመዝገብ ቁጥር፣ የኑዛዜውን ፎቶ ኮፒ። ወንድማችሁ ኑዛዜውን ሲያሳያችሁ ስልክ ላይ ፎቶ ካነሳችሁት ያው ይበቃል፤ ዋናውን እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱ ያዘዋል። ሁሉንም በሦስት ኮፒ፣ አንዱ ለመዝገቡ ሁለቱ ለሁለቱ ተከሳሾች። ማስረጃው እንዲሰረዝ የምትከሱት ሁለቱን ወንድሞች ነው፤ ታናሹ ተጸጽቷል ብላችሁ አትተዉት፣ ማስረጃው በሁለቱም ስም ስለሆነ አንዱ ሳይጠራ ክርክሩ ይጎድላል። እሱ ቀርቦ «እቀበላለሁ» ካለ ግን ሥራው ግማሽ ይቀላል።